የአባዬ ትከሻ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ

የታላቅ እህቴ ሠርግ የተቀረጸበት ካሴት ከሃያ ዓመት በላይ በእማዬ ሳጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ኖሯል። ሠርጉ የተደገሰው በጥር 1986 ዓ.ም.፣ ሠራተኛ ሠፈር በነበረው ግቢያችን ነው። አባዬ በ1991 ዓ.ም. ዐረፈ። ፎቶግራፎች አሉት፤ ሁሉም ግን ደረቱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ የቆመባቸው ናቸው። ሲራመድ፣ ሲስቅ፣ ድምፁ ሲሰማ የሚገኘው በዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ዴካችን ተበላሸና ካሴቱን ፒያሳ ወስጄ ወደ ቪሲዲ አስገለበጥኩት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ሁለት ዲስክ ተሰጠኝ፤ ከፍዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የመጀመሪያው ዲስክ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደጃፋችን ላይ ሲደርስ ይጀምራል። ሁለተኛው በመልሱ ድግስ መካከል፣ አክስቴ ወጥ ልታወጣ ጎንበስ እንዳለች ቀጥ ይላል። እማዬ ባየችው ቁጥር «ምርቃቱስ?» ትለኛለች። እኔም የካሜራው ባትሪ አልቆ ይሆናል እያልኩ አጽናናት ነበር።

ባትሪው አላለቀም ነበር። አንድ ቪሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ነው፤ ሁለቱ 148 ደቂቃ ይሆናሉ። ካሴታችን ግን ባለ 180 ደቂቃ ነበር፤ እስከ ጫፉም ተቀርጾበታል። ቀሪው 32 ደቂቃ ሦስተኛ ዲስክ ይፈልግ ነበር። ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በእነዚያ 32 ደቂቃዎች ውስጥ አባዬ እህቴንና ባሏን መርቋል። ከመመረቁ በፊት ደግሞ ጨፍሯል። በሠርጉ ዕለት ልጁን የሚሸኝ አባት ነበርና ፊቱን አጥቁሮ ነው የዋለው፤ በመልሱ ዕለት ግን ጋቢውን ጥሎ ተነሣ። እኔ ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ሲጨፍር አይቼዋለሁ። ቪሲዲው ላይ ግን ስላልነበረ፣ እያደር ያየሁት መሆኑን ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

ባለፈው ክረምት እማዬ ወደ እኔ ቤት ስትዛወር ሳጥኑን ስናራግፍ ካሴቱ ወጣ። ሽታው ቀደመው። በትንሿ የፕላስቲክ መስኮት ሲታይ በጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ዱቄት የሚመስል ነጭ ነገር ተነስንሷል። የአዲስ አበባ ክረምት እርጥበት ሃያ ጊዜ ተመላልሶበት ሻግቷል። የምወስድበት ቦታ ጨነቀኝ፤ የቪዲዮ ዴክ የሚያመርት ድርጅት እንኳ የለም፤ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው። ሰው አጠያይቄ በአራት ኪሎ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠሩ አዛውንት አገኘሁ። ፒያሳ ከመፍረሱ በፊት ዶሮ ማነቂያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው።

ካሴቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩትና፣ «ዴክ ውስጥ አስገብተሽው ነበር?» አሉኝ።

«አላስገባሁትም።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። የሻገተ ካሴት ካስገባሽ ክሩም ይቆረጣል፣ ዴኩም ይታመማል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ካሴት ሁሉ ያሳምማል።»

አምስቱን ብሎኖች ፈትተው ከፈቱት። ክሩን በዝግታ እያጠነጠኑ በአልኮል በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጠረጉት፤ የክሩ ርዝመት ከ250 ሜትር ያላነሰ ነው። ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ከዚያ የዴኩን ሄድ፣ ማለትም ክሩ ላይ የሚጽፈውንና ከክሩ የሚያነበውን ክፍል፣ በለስላሳ ቆዳ አጸዱ፤ ጥጥ አይነካውም፣ ቃጫው ተሰክቶ ይቀራል። ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አይጠረግም፤ ይሰበራል። እጃቸውን እያየሁ ስለዚህ ነገር ምንም እንደማላውቅ ገባኝ። የምሠራው ለገሃር አካባቢ፣ በሒሳብ ክፍል ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማታ ማታ የማነበው ስለ ካሴት ሆነ።

ያስገረመኝ የመጀመሪያው ነገር ፍጥነቱ ነው። ድምፅን ክር ላይ መቅዳት ቀላል ነው። ምስል ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሚሊዮን ጊዜ የሚለዋወጥ ምልክት ስለሆነ ክሩ በሄዱ ፊት በከፍተኛ ፍጥነት ማለፍ አለበት። የእንግሊዙ ቢቢሲ መሐንዲሶች ክሩን ራሱን ለማስሮጥ ሞከሩ፤ ቬራ የተባለው ማሽናቸው በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ክር ይበላ ነበር፤ አንድ ግዙፍ ጥቅልል 15 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። መፍትሔው የተገኘው በአሜሪካው አምፔክስ ድርጅት ነው። ቻርልስ ጊንስበርግና ባልደረቦቹ፣ ኋላ በድምፅ ሥራው ስሙ የገነነው ሬይ ዶልቢም አብሯቸው ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ክሩ ዝግ ብሎ እንዲጓዝ፣ በምትኩ ሄዱ እንዲሽከረከር አደረጉ። የጃፓኑ ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ቪኤችኤስን፣ ማለትም የእኛን ዓይነት ካሴት፣ ሲያወጣ ይህንኑ ሐሳብ ለቤት የሚሆን አድርጎ አሳነሰው። በእኛ አገር ዴክ ውስጥ ክሩ በሰከንድ የሚጓዘው 2.3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሄዶቹ የተተከሉበት፣ ከዳር እስከ ዳር 62 ሚሊ ሜትር የሆነው ከበሮ ግን በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። በከበሮው ላይ ትይዩ የተቀመጡት ሁለት ሄዶች በየተራ ክሩ ላይ በሰያፍ እንደ ማረሻ ትልም ያወጣሉ። የአንዱ ትልም ስፋት 0.049 ሚሊ ሜትር ነው። አባዬ የኖረው በእነዚያ ትልሞች ውስጥ ነው።

ጋሼ ሲደውሉልኝ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሮጥኩ። ኮምፒውተሩ ላይ የመልሱ ድንኳን ተከፍቷል። አክስቴ ወጥ አውጥታ ቀና አለች። ከሃያ ዓመት በኋላ ቀና አለች! እኔ እዚያው ላይ ነው ያለቀስኩት፤ አባዬን ሳላይ። ከዚያ አባዬ ተነሣ፤ ጋቢው ወደቀ። ጋሼ ምስሉን አቆሙት።

የአባዬ ፊት ደህና ነው። ትከሻው ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በአግድም ተሰነጣጥቋል።

«ተበላሽቷል?» አልኳቸው።

«አልተበላሸም። ሁለት ቅጽበት ነው የምታዪው።»

በእኛና በአብዛኛው አውሮፓ ይሠራበት የነበረው ፓል የተባለው ሥርዓት አንድን ምስል በ625 መስመሮች ይሠራዋል፤ ምስል የሚታይባቸው 576ቱ ናቸው። (ከአሜሪካ የሚላክልን ካሴት ቴሌቪዥናችን ላይ ይንከባለል የነበረው የእነሱ ሥርዓት በ525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ምስል ስለሆነ ነው። እማዬ ግን ቴሌቪዥኑን በጥፊ ትመታው ነበር።) መስመሮቹ በአንድ ጊዜ አይቀረጹም። መጀመሪያ አንዱን እየዘለሉ ግማሾቹ፣ ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ደግሞ የተዘለሉት ግማሾች ይቀረጻሉ። ሁለቱ ግማሾች ሁለት የተለያዩ ጊዜያት ናቸው። የጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ የካርል ብራውን የመስታወት ቱቦ ዘር የሆነው፣ ከኋላው እንደ ሣጥን የወጣው አሮጌው ቴሌቪዥን፣ በየተራ ያሳያቸው ስለነበር ዓይናችን አዋሕዶ ይቀበላቸው ነበር። ዛሬ የኮምፒውተር ስክሪን ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስቀምጣቸው የቆመ ነገር ደህና ይታያል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰነጠቃል።

እንግዲህ እስክስታን አስቡ። እግር ቦታውን አይለቅም፣ ፊትም አይናወጥም፤ ትከሻ ብቻ በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ውስጥ እንኳ ቦታውን ይለውጣል። ሁለቱን ግማሾች ለይቶ መያዝ ጥቅሙ የሚታወቅበት ጭፈራ ቢኖር የእኛው ነው።

ቪሲዲ ምን እንዳደረገ ያን ዕለት ነው የገባኝ። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነው፤ 288 ደግሞ የ576 ግማሽ ነው። ከሁለቱ ግማሾች አንዱን ይወስዳል፣ ሁለተኛውን ይጥለዋል። በእያንዳንዱ ሰከንድ ከ50ው ቅጽበት 25ቱ ጠፍተዋል። ለሃያ ዓመታት ያየሁት የአክስቶቼ እስክስታ ግማሽ እስክስታ ነበር፤ ይደናቀፍ የነበረው ለዚህ ነው። ከ32ቱ ደቂቃ ጥፋት ይልቅ ይህኛው ከነከነኝ። ያኛውን ከእማዬ ጋር አውቀነው ነበር፣ ምክንያቱን ብቻ ነው ያላወቅነው። ይህን ግን መጥፋቱን እንኳ ሳናውቅ ነው ያጣነው።

ጋሼ ሦስት መንገድ እንዳለ አስረዱኝ። አንዱን ግማሽ መጣል፤ ሁለቱን አደባልቆ ማለስለስ፣ ይህም ትከሻውን ጭስ ያስመስለዋል፤ ወይም እያንዳንዱን ግማሽ ራሱን የቻለ ምስል አድርጎ በሰከንድ 50 ማውጣት። ሦስተኛውን መረጥን። ሳጥን ውስጥ ካሴት ያላችሁ ሁሉ፣ ስታስገለብጡ 25 ነው 50 ብላችሁ ጠይቁ። አይታፈርም። የምትከፍሉበት ነገር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ክብደቱ ነው። ምስሉ ሳይታመቅ ከተቀመጠ በሰከንድ ከ20 ሜጋባይት በላይ ይፈጃል፤ የሦስት ሰዓት ካሴት ከ220 ጊጋባይት ያልፋል። ስለዚህ ይታመቃል፤ ማመቅ ደግሞ መጣል ነው። ምን ይጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠው ሰው ናሲር አህመድ ይባላል፤ በሕንድ ባንጋሎር ተወልዶ በአሜሪካ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሐሳቡን አቅርቦ የምርምር ገንዘብ ሲጠይቅ ተከለከለ። ሥራውን ግን አልተወውም፤ ከባልደረቦቹ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተመው። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው ጄፔግ የተባለው የፎቶ ማመቂያ ሥርዓት የቆመው በዚህ ቀመር ላይ ነው፤ ቪሲዲም፣ ዲቪዲም፣ ዛሬ በስልካችን የምንቀርጸው ቪዲዮም ከዚያው ዘር ናቸው።

ቀመሩን ለመረዳት ብዙ ማታ ፈጅቶብኛል፤ የረዳኝ የእማዬ መሶብ ነው። መሶብ ላይ ሰፊ ሜዳ የሆነ ቦታ አለ፣ ወፈር ያለ ጥልፍ አለ፣ በጣም የደቀቀ ዳማ የሚመስል ስፌትም አለ። የአህመድ ቀመር ሥዕሉን 8 በ8 ወደሆኑ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፍለዋል፤ እያንዳንዷን አራት ማዕዘን ደግሞ ከሜዳው አንሥቶ እስከ ደቃቁ ዳማ ድረስ ከ64 ዓይነት ስፌቶች ይሠራታል፤ ከዚህኛው ይህን ያህል፣ ከዚያኛው ያን ያህል እያለ። አብዛኛው የምስሉ ነገር ያለው በሰፋፊዎቹ ስፌቶች ላይ ነው። ደቃቆቹን ብትቀንሳቸው ዓይን ብዙም አያስተውልም።

ይህ ትልቅ ግኝት ነው፤ ያለ እሱ የአባዬን ምስል ወንድሜ ወዳለበት አገር መላክ ባልቻልኩ ነበር። ሆኖም «ዓይን አያስተውልም» የሚለው ላይ ቆም አልኩ። የማን ዓይን? የቪሲዲ ምስል የተሰጠው በሰከንድ 1.15 ሜጋቢት ብቻ ነው (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው)፤ የካሴቱ ሙሉ ምስል ሳይታመቅ ከሚፈልገው ከ140 እጥፍ በላይ ያነሰ። በዚህ ጥበት ውስጥ ማሽኑ መሐል የቆመውን ሙሽራ ፊት አተረፈ፤ ድንኳኑ ጥግ የተቀመጡትን ሰዎች ግን ቡናማ አራት ማዕዘን አደረጋቸው። ደቃቅ ስፌት ነበሩና። ለማያውቃቸው ዓይን ፍርዱ ትክክል ነው። ጥግ የተቀመጡት ግን ጎረቤቶቻችን ነበሩ።

ስለ ቀለሙም ከጋሼ ጋር ትንሽ ተከራክረናል። የእህቴ ቀሚስ ጥለት ከጠርዙ አልፎ በነጩ ላይ ይፈሳል። ልጅ ሆኜ የቀራጩ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሥር ያለው ጆርጅ ቫሌንሲ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1938 ባስመዘገበው ሐሳብ ላይ ነው፤ ብርሃኑን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ መላክ። በዚህ ዘዴ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ቀለሙን ትቶ ብርሃኑን ይወስዳል። በማዘጋጃ ቤት በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቴሌቪዥናችን በ1977 ዓ.ም. መባቻ ባለ ቀለም ሲሆን፣ እኛ በጥቁርና ነጩ ያለ ችግር ማየታችንን የቀጠልነው በዚህ ምክንያት ነው። ቪኤችኤስ ግን ለቀለሙ የተወለት ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ብርሃኑ ከግራ ወደ ቀኝ 240 ያህል ለውጥ ሊይዝ ይችላል፤ ቀለሙ 40 ያህል ብቻ። የጥለት ክር በዚህ አይለይም። ቀለሙን አድምቁልኝ ብላቸው ጋሼ «ያልተቀረጸ ቀለም ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ። ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ልክ ነበሩ እላለሁ።

ልክ መሆናቸውን ያየሁት የእህቴ ልጅ የአባዬን ፊት ከቪዲዮው ቆርጦ ፊት በሚያጠራ ፕሮግራም ሠርቶ ባመጣልኝ ቀን ነው። ልጁ ሊያስደስተኝ ነው፤ አያቱን አያውቀውም። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ቅንድቡ የተስተካከለ፣ ከንፈሩ የተሣለ ነው። አባዬ ግን የግራ ቅንድቡ መሐል ላይ ጠባሳ ነበረው፤ በካሴቱ ላይ እንደ ትንሽ ብዥታ ይታያል። ፕሮግራሙ ብዥታውን ጉድለት ነው ብሎ ፀጉር አበቀለበት። ይህ ከመጣል ይብሳል። የተጣለ ነገር ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ የተፈጠረው ግን ከአባዬ ፊት ጋር ተመሳስሎ ይቀመጣል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አያቱን ያላየ ልጅ እሱን ነው የሚያምነው። ልጁን አመስግኜ ምስሉን አጠፋሁት።

አሁን ሙሉው ቅጂ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አለ፤ አንዱ እኔ ቤት፣ አንዱ እህቴ ቤት። የታመቀው ደግሞ፣ ግን በለጋስ እጅ የታመቀው፣ 25 ጊጋባይት ያህል ነው። ለዘመድ በፍላሽ ነው የምሰጠው፤ ለማቆያ ግን ፍላሽ አላምንም። የጃፓኑ ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው የፍላሽ ሚሞሪ ምስጢሩ ኤሌክትሮኖችን በር በሌለው ክፍል ውስጥ ዘግቶ ማኖር ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ እየሾለኩ ይወጣሉ። ካሴቱንም አልጣልኩትም። ስቲቭ ሳሶን እ.ኤ.አ. በ1975 በኮዳክ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 100 በ100 ነጥብ ያለውን አንዷን ፎቶ ለማስቀመጥ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ ያስቀምጥ የነበረውም በተራ የካሴት ክር ላይ ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ክሩን ሳየው የተሻረ ዕቃ አይመስለኝም።

ባለፈው እሑድ እማዬን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኳት። መነጽሯን ጠርጋ ለበሰች። አባዬ ሲነሣ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ትከሻው ሃምሳውንም ቅጽበት ይዞ ሄደ፣ ተመለሰ፤ ምንም አልተሰነጠቀ፣ ምንም አልጨሰ። ከዚያ እህቴና ባሏ ጉልበቱን ስመው ተንበረከኩ። «እንደ አብርሃም፣ እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» አለ በዚያ በጎርናና ድምፁ። ድንኳኑ «አሜን» አለ፤ እማዬም ከድንኳኑ ጋር «አሜን» አለች። እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን ተቀበለች።

ሲያልቅ ምርቃቱን ድገሚልኝ የምትል መስሎኝ ነበር። «ወደ ኋላ መልሺው፤ ድግሱ ላይ» አለችኝ። መለስኩት። «እዚህ ጋ አቁሚው።» አቆምኩት። መሐል ያሉትን ሙሽሮች አላየቻቸውም። ተነሥታ ወደ ስክሪኑ ቀረበችና ጣቷን ድንኳኑ ጥግ ላይ አሳረፈች። የዕድራችን ጸሐፊ። ባለቤታቸው። ወተት ያመጣልን የነበረው ሰውዬ፤ ካቦርት ለብሶ። የነፍስ አባታችን። ከእህቴ ጋር የተማረች፣ በወሊድ የሞተች ልጅ። እኔ ደብተር አምጥቼ ደቂቃና ሰከንዱን ከየስማቸው ጎን ጻፍኩ። ሠላሳ ሰባት ሰው ቆጠረችልኝ።

ሠላሳ ስምንተኛዋ ምሰሶውን ተደግፋ የቆመች ሴት ናት፤ ሻሽ አስራለች፣ ክንዷ ላይ ሕፃን ተኝቷል። እማዬ ብዙ አየቻት። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አየቻት።

«ይቺን አላወቅኳትም» አለች። «ነገ ጓደኛዬ ትመጣለች፤ እሷ የማታውቀው ሰው የለም። እስክትመጣ እንዳታጠፊው።»